ሙሉ ደቂቃ

ነርሲንግ ያስተማሩኝ ሲስተር፣ ርኅራኄን ብቻውን አያምኑትም ነበር። ክፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም። እንደሳቸው ለሰው የሚሳሳ ሰው አላውቅም። ግን በለቅሷቸው ላይ ንግግር ያደረገ ሁሉ «ርኅሩኅ ነበሩ፣ አንጀታቸው የእናት ነበር» እያለ ሲቀመጥ ውስጤ እምቢ አለኝ። በሐዘን መሐል ተነስቶ «አይ፣ እንደሱ ብቻ አይደለም» አይባልም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ሲስተር ከሁሉ በፊት የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። ትንፋሽ ይቆጥራሉ። ጠብታ ይቆጥራሉ። ሽንት ይለካሉ። ሰዓት ያያሉ። ለሰው ማዘናቸውም የሚታየው እዚያው ውስጥ ነበር።

ስማቸውን አልጽፍም። ቤተሰቦቻቸው ገና ሐዘን ላይ ናቸው። ለነገሩ ጎንደር ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ብዙም አልነበረም። ባጃጅ ነጂውም፣ ባለሱቁም፣ የንስሐ አባታቸውም «ሲስተር» ነው የሚሏቸው።

እኔ ያገኘኋቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ጎንደር ነርሲንግ ስማር ነው። አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጋወናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ሰዓት ይንጠለጠላል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ዋርዱ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁሉም ሰው ቀና ይላል።

እሳቸው ራሳቸው የጎንደር ፍሬ ናቸው። በ1947 ዓ.ም. እዚያ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን፣ ማለት የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን፣ አብሮ ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ ሊመረቁ ሲሉ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ደምቢያ ውስጥ ያለው ቆላ ድባ አንዱ ነበር። ሲስተር በ1960ዎቹ የተማሩት በዚያ መንገድ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ምንጭ እያዩ፣ አራስ እየጠየቁ። በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮሌጁ ሐኪም ማሠልጠን ሲጀምር ከላይፕዚግ ከመጡ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች ጋር ሠርተዋል። ከዚያ ዘመን የቀረቻቸው አንዲት የጀርመንኛ ቃል «ፑንክትሊሽ» ነበረች፤ ሰዓት አክባሪ ማለት ነው። አንድ ተማሪ አርፍዶ ሲገባ በሩ ላይ የሚሰማው እሷን ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ልዕልት ፀሐይ ነገሩን። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በስደት ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተምራ በፈረንጆች 1939 የምስክር ወረቀቷን አገኘች። አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሰች። ግን አልቆየችም። በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። ገና 22 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል በስሟ የተሠራ ነው። ሲስተር ይህን ሁሉ በቀስታ ከነገሩን በኋላ ኋላ ወንበር ወደተቀመጡት አዩና «የነርስ ትምህርት የሚጀምረው ከፖፖ ነው። ልዕልትም ብትሆኑ» አሉ። በማግስቱ ሁላችንም ፖፖ ይዘን ነበር።

ከዚያ ትንፋሽ መጣ። ትንፋሽ መቁጠር ትምህርት ያስፈልገዋል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። እኛም አላሰብንም። ሲስተር ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጡት። አንዷን ተማሪ አልጋ ላይ አስተኙና ዙሪያዋን አቆሙን። «እጇን ያዙ። የልብ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉ» አሉ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ሳያስበው ይቀይረዋል። ስለዚህ እጁን እንደያዛችሁ ዓይናችሁን ወደ ደረቱ ታሻግራላችሁ። ደረቱ ወጥቶ ሲወርድ አንድ። ሙሉ ደቂቃ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የለም። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትም የለም። ሕፃን ደግሞ ትንፋሹ ይሮጣል፣ ያዝ ይላል፣ መልሶ ይሮጣል። ግማሽ ደቂቃ የቆጠረ ሰው ወይ ሩጫውን ብቻ ያገኛል፣ ወይ ማረፊያውን ብቻ።

ቁጥሮቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን አስያዙን። ከሁለት ወር በታች 60። ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50። ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40። የሚያስል ሕፃን ትንፋሹ እዚያ ከደረሰ ወይም ካለፈ የሳንባ ምች ይሆናል ብላችሁ ተነሱ። ራጅ የሌለበት፣ ላቦራቶሪ የሌለበት፣ መብራት እንኳ የሌለበት ጤና ኬላ ውስጥ ሰዓት ያላት ልጅ ይህን ማወቅ ትችላለች። የሲስተር ደስታ እሱ ነበር። ምንም በሌለበት ቦታ የሚሠራ እውቀት።

አንድ ጠዋት ዋርድ ውስጥ የበሽተኞቹን ቻርት አንድ በአንድ አገላበጡ። የሁሉም ትንፋሽ 20 ተብሎ ተጽፏል። የመስኮቱ ዳር ሽማግሌ 20፣ በኦክስጅን ያለችው ሴት 20፣ እግሩ የተሰበረው ጎረምሳ 20። «ይህ ዋርድ ተስማምቶ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም። ፊታቸው ደም መስሎ ነበር። ከዚያ በሽተኞቹን ከአንድ ጫፍ ጀምረን እስከ ሌላው ጫፍ አስቆጠሩን። ኦክስጅን ላይ ያለችው ሴት ከ30 በላይ ትተነፍስ ነበር። ሐኪም ተጠራ። ዛሬ እኔ ራሴ ተማሪ ሳሠለጥን የምሟገተው በዚህ ነው። ባዶ የተተወ ቦታ ሰው እንዲጠይቅ ያደርጋል። ያልተቆጠረ 20 ግን ሰው እንዲያልፍ ያደርጋል። ከሁለቱ ሁለተኛው ይብሳል።

ግሉኮስም እንደዚሁ ነው። አንድ ሊትር በ8 ሰዓት ይለቅ ተብሎ ታዘዘ። ማስተላለፊያው አንድ ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ? ወረቀት ላይ ሠርተን 42 አልናቸው። «ጥሩ። አሁን አልጋው ዘንድ ሂዱና 42 መሆኑን አሳዩኝ።» እዚያ ነው ችግሩ። ቧንቧው ላይ ያለችውን ጎማ በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጓት 60 ትሆናለች። መለስ ሲያደርጓት 25። በሽተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ደግሞ ቀጥ ትላለች። ሰዓቱን በአንድ ዓይን፣ ጠብታውን በአንድ ዓይን እያየን ክንዳችን እስኪዝል እንቆማለን። እሳቸው አጠገባችን ይቆማሉ። አይቸኩሉም።

ለምን እንዲህ እንደሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ተመድበን ነበር። አንዲት እናት ልጇ ወተቱን ጨርሶ ሲያለቅስ አየችና «እባካችሁ ጨምሩለት» አለች። አብሮን የነበረ ልጅ አንጀቱ ተላወሰና ሊጨምርላት ተነሳ። ሲስተር ኩባያውን ከእጁ ወሰዱ። እናትየዋ አጠገብ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው አስረዷት። ልጁን ራሳቸው አቀፉት። አልጨመሩለትም።

ያን ሌሊት ተረኛ ነበርን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሕፃናቱን አብልተን ስንጨርስ ሻይ ቀርቦ ቁጭ አልን። ሲስተርም ስለ ኢብናት ነገሩን። በ1977ቱ ረሃብ መጠለያው ውስጥ ተመድበው ሠርተዋል። ስለዚያ ዘመን አያወሩም ነበር፤ እኔም ከዚያ በኋላ ደግመው ሲያነሱት ብዙም አልሰማሁም። ያን ሌሊት ግን አወሩ። መንገዱን ሁሉ ችለው፣ በሕይወት ደርሰው፣ ከበሉ በኋላ የሚሞቱ ልጆች ነበሩ። ለረዥም ጊዜ የተራበ አካል ምግብ በብዛት ሲወርድበት በደም ውስጥ ያሉት ጨዎች ይዛባሉ። ፈሳሹ ይበዛል። የደከመ ልብ አይችለውም። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። ሌሊቱ ከተዘለለ ደግሞ ስኳሩ ይወርዳል፣ ገላው ይቀዘቅዛል።

«ያጎረሳቸው ሰው ጠላት አይደለም» አሉ። «አዛኝ ነው። እያለቀሰ ነው ያጎረሳቸው።» ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ያዘነ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሌሊት ተነስቶ ያየ ግን ጥቂት ነው» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። ቀጣዩ ምግብ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ኩባያችንን አንስተን ተነሳን።

ለቅሶው ላይ የከነከነኝ ይህ ነው። ስለ ሲስተር ደግነት ለማውራት ከፈለግን ስለዚያ ኩባያ ማውራት አለብን። የአንዲት እናት ዕንባ ፊት ለፊት እያለ አለመጨመር። ከዚያ በየሦስት ሰዓቱ መነሳት።

ሌላው ትምህርታቸው አስታማሚ ስለሌለው በሽተኛ ነበር። አገራችን ሆስፒታል አልጋ የያዘ ሰው ያውቀዋል። በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ ከውጭ ይገዛ የተባለ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚያካልለው ቤተሰቡ ነው። አስታማሚ ያለው በሽተኛ ድምፅ አለው። ግሉኮሱ ሲያልቅ «ሲስተር!» ብሎ የሚጣራ ሰው አለው። አስታማሚ የሌለው ግን ግሉኮሱ ቢያልቅም ዝም ብሎ ይተኛል።

ጎንደር ደግሞ ቃላዛር የሚባል በሽታ አለ። በብዛት የሚያዙት መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሌሊት ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ ይተኛሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረውም እዚያው ነው። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ይመጣል። ሰውነት ይከሳል። ጣፊያ አብጦ ሆድ ይሞላል። ያኔ ሕክምናው በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነበር፣ ለ30 ቀን። መርፌው ያማል። ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። እነዚህ ልጆች ቤተሰባቸው ሩቅ ነው። ብዙዎቹ የት እንዳሉ እንኳ ቤተሰቡ አያውቅም።

ሲስተር ዋርድ ገብተው መጀመሪያ የሚጠይቁት «አስታማሚ የሌለው ማነው?» ብለው ነው። ከዚያ ያን በሽተኛ ለአንዳችን ይሰጡናል። ለእኔ የደረሰኝ ከጎጃም የመጣ ልጅ ነበር። ገና ጢም ያላወጣ። «ይኸ ያንች ነው» አሉኝ። «ከእንግዲህ ወንድምሽ ነው። ግን እንደ ወንድምሽ ብቻ ሳይሆን እንደ በሽተኛሽ ነው የምታይው።» ይህ ማለት ከመርፌው በፊት የልብ ምቱን ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ሆዱን አሞት እንደሆነ፣ አስመልሶት እንደሆነ መጠየቅ ነው። መልሱን መጻፍ ነው። የበላውን በዓይን ማየት ነው፤ «በላህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «አዎ» ይልሻል። ሲስተር ከቤታቸው በሶ እያመጡ በጥብጠው ይሰጡት ነበር። ለአባቱ ደብዳቤ የጻፉለትም እሳቸው ናቸው። ሲድን አጎበር ገዝተው በፌስታል አስይዘው ሸኙት። መተማ መልሶ እንደሚሄድ ያውቁ ነበርና።

ተመርቄ ዕጣ ስናወጣ መተማ በኩል ያለችው ገንዳ ውኃ ከተማ ደረሰችኝ። ሙቀቱ ለደጋ ልጅ አይቻልም። ጓደኝነታችን የጀመረው እዚያ ነው ማለት እችላለሁ። ደብዳቤያቸው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይመጣል። አንዱ አሁንም አለኝ። «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኦክሲቶሲኑን የት ነው የምታስቀምጭው? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? የፍሪጁን ቴርሞሜትር ጠዋትና ማታ አንብበሽ ጻፊ። ጎመን ብይ፣ ከስተሽ ነበር።» ደብዳቤው ይኸው ነው።

ስቄ አላለፍኩትም። ኦክሲቶሲን የወለደች ሴት ደም እንዳይፈሳት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በገንዳ ውኃ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ከዋለ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ብልቃጡ ግን ያው ነው፣ ቀለሙም ያው ነው። ወግተሽ ደሙ አልቆምም ሲል ነው የሚታወቀው። ሲስተር ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ጎንደር ቁጭ ብለው ያዩት ይህን ነበር። እኔን ብቻ ሳይሆን ገና ያላረገዘችውን ሴት ጭምር እያዩ ነበር የሚጽፉት።

ከዚያ ወዲህ ስልክ መጣ። በኋላም እኔ አዲስ አበባ ገባሁ። እሳቸው ጡረታ ወጡ። ልጅ አልወለዱም፤ የእህታቸውን ልጆች ነው ያሳደጉት። በርበሬ ሲገዙ ብታዩአቸው ትገረሙ ነበር፤ ዛላውን አንድ በአንድ ሰብረው ያያሉ። ሬዲዮ ይወዳሉ። በጥምቀት ከፋሲል ባሕር አይቀሩም። ስለ እኔ ፍቅር ጉዳይ ከእናቴ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ያልወደዱትን ልጅ አልወደድኩትም ብለው በግልጽ ነገሩኝ። የወደዱትን ደግሞ «ሰዓት ያከብራል» ብለው መረቁልኝ። እሱን ነው ያገባሁት።

የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ከክፍላችን ብዙዎቹ ሄዱ። ሜሪላንድ፣ ዱባይ፣ ሪያድ። እኔን ያናድደኝ ነበር። አንዲት ነርስ ለብቻዋ ሌሊቱን ሙሉ ዋርድ ይዛ ስታድር ሳይ የሄዱት ልጆች ፊት ይመጣብኛል። ሲስተር ግን ለሁሉም የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ፈተና የሚያስጠኑትም ነበሩ። «ከደመወዟ ቤት ኪራይ ከፍላ ምን ይተርፋታል?» ይሉኛል። «ደግሞ እዚያም የሚታመመው ሰው ነው።» እኔ «እዚህስ?» እላለሁ። «እዚህ አንች አለሽ» ይላሉ። መልስ አይደለም ብዬ እቆጣለሁ። ዛሬም መልስ አይደለም እላለሁ። ግን ሲታመሙ ሚዛኑን የላከችላቸው ሜሪላንድ ያለች ተማሪያቸው ናት። መድኃኒት ያልተገኘ ጊዜም ፈልጋ በሰው የምትልከው እሷ ነበረች። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ልክ አይሆንም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ተገኘ ሲባል ማታውኑ ደወሉ። «ልብሱን መልበስ ማንም ይለብሳል» አሉ። «የሚጎዳው ማውለቁ ነው። ሲደክምሽ ነው የምታወልቂው። ጓንቱን አውልቀሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ፊትሽን እንዳትነኪ። አንድ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ይይሽ።» በኋላ ሚሊኒየም አዳራሽ ሕክምና መስጫ ሲሆን እዚያ ስሠራ ሁልጊዜ ሰው ሳላቆም አላወለቅሁም።

ሕመማቸው የልብ ድካም ነበር። ክትትል ለማድረግ አዲስ አበባ መጥተው ሽሮ ሜዳ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት አረፉ። እኔ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ቡና ይፈላል። እሳቸው አንዲት ስኒ በግማሽ ይጠጣሉ። ስለ ጨው ከእህታቸው ልጅ ጋር ሳይከራከሩ አይውሉም። «ሽሮው አልጣመም» ትላለች ልጅት። «ልቤ ይጣመው» ይላሉ።

አንድ ደብተር ነበራቸው። ጠዋት ሽንት ቤት ገብተው ሲወጡ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ሚዛኑ ላይ ይቆማሉ። ይጽፋሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ ያ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው። እግር ከማበጡ በፊት ሚዛኑ ይናገራል። በደብተሩ ላይ በማስመሪያ የተሰመሩ ዓምዶች አሉ። ቀን። ክብደት። ሽንት። እግር። መጨረሻው ዓምድ «ትራስ» ይላል። ሰው ሳንባው ውኃ ሲይዝ ጋደም ብሎ መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ስንት ትራስ ተደግፎ እንደተኛ ይጻፋል። ለወራት 1 ይላል። ከዚያ 2። ክረምት ላይ አንዴ 3 ሆኖ መድኃኒቱ ሲጨመር ወደ 2 ተመለሰ። ጥር ላይ 3። ከዚያ 3። ከዚያ ቁጥሩ ቀረና «ተቀምጬ» ተብሎ ተጻፈ። የእጅ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ያው ነው። አንድም መስመር አልተዛነፈም። ሐኪማቸው ደብተሩን አገላብጦ «እንዲህ ያለ ታማሚ ቢኖረኝ» አለ። ሲስተር «እኔ ታማሚም ነርስም ነኝ» አሉት።

አልጋ ያዙ። የት እንደሆነ አልጽፍም። ማታ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። አንዲት ወጣት ነርስ ቻርት ይዛ መጣች። ግፊት ለካች። ሙቀት ለካች። ቆማ ስትጽፍ አየሁ። ትንፋሽ 20 አለች። እኔ ደሜ ፈላ፤ አፌን ልከፍት ስል ሲስተር እጄን ያዙ።

«ልጀ» አሏት። «ቁጠሪኝ።»

ልጅቷ ደነገጠች። ሲስተር አልጋው ዳር ያለውን ወንበር በዓይናቸው አሳዩዋት። ተቀመጠች። ሰዓት አልነበራትም። እሳቸው ትራሳቸው ሥር ያለውን አወጡና ሰጧት። ያው የደረታቸው ሰዓት ነው። እጃቸውን ዘረጉላት። ልጅቷ እጃቸውን ያዘች፣ ዓይኗን ወደ ደረታቸው አሻገረች። ሙሉ ደቂቃ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም። «34» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጻፊው። ከዚያ ለሐኪሙ ንገሪው» አሏት። ሮጠች።

ስትመለስ አልተቆጧትም። ከየት እንደመጣች፣ የት እንደተማረች ጠየቋት። ያን ሌሊት ስንት በሽተኛ እንደያዘች ጠየቋት። ቁጥሩን ስትነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዲት ነርስ ያን ሁሉ ሰው ሙሉ ደቂቃ፣ ሙሉ ደቂቃ ቆጥራ ልታዳርስ እንደማትችል ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለኃላፊዎች ሲጽፉ የኖሩትም ስለሱ ነው፤ ሰው ጨምሩ፣ ነርስ ጨምሩ እያሉ። ለልጅቷ ግን ስለ ኃላፊዎች አልነገሯትም። «አስታማሚ ከሌለው ጀምሪ» አሏት። «እኛ ይቺ አለችልን። የሌለው ማነው?» ልጅቷ አሰበችና «በር አጠገብ ያሉት አባት» አለች። «ሂጅ» አሏት። ሰዓታቸውን ይዛ ሄደች። ንጋት ላይ መለሰችላቸው። ተረኛ በሆነች ቁጥር መጥታ ትወስደው ነበር፣ መልሳ ታመጣው ነበር።

ያረፉት የካቲት ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። እጃቸውን ይዤ ነበር። ጎንደር ወስደን ቀበርናቸው። ሰው አስፋልቱን ሞልቶ ነበር። ከየጤና ጣቢያው የመጡ ነርሶች ጋወናቸውን ለብሰው ነው የሸኟቸው። እኔ ከሁሉም ጋር አለቀስኩ፤ አሁንም ቡና ሲፈላ እጄ ስልክ ፍለጋ ይሄዳል። እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይመስለኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

አርባቸው ላይ ተማሪዎቻቸው ተገናኘን። ሜሪላንድና ዱባይ ያሉት በስልክ ገቡ። ሐውልት ይሠራ ያለ ነበር። ሽልማት በስማቸው ይቋቋም ያለም ነበር። አንዱ ጓደኛችን፣ ያ ኩባያውን ከእጁ የወሰዱበት፣ «የግድግዳ ሰዓት» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። እውነቱን ነው። ስንቱ ዋርድ ውስጥ ሰዓት የለም። ካለም ቆሟል፣ ወይም የሰከንድ ቆጣሪ የለውም። ነርሷ ስልኳን ከኪሷ እያወጣች ነው የምትቆጥረው፤ ጓንት ያደረገች ጊዜ ደግሞ አትቆጥርም። ስለዚህ ትልልቅ፣ ከአልጋ ሁሉ የሚታዩ፣ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ያላቸው ሰዓቶች እየገዛን ነው። ግንቦት 4፣ የነርሶች ቀን ዕለት የመጀመሪያዎቹ ይሰቀላሉ። ገንዳ ውኃም ይደርሳታል። እያንዳንዱ ሰዓት ሥር አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ባትሪው የተቀየረበት ቀን፣ ቀጥሎ የሚቀየርበት ቀን፣ የሚቀይረው ሰው ስም። መለዋወጫ ባትሪውም አብሮ ተገዝቷል።